ናት ወይስ ናቸው

መጽሐፉ መምህርት ህይወት እጅ ላይ እንዳለ አለቀባት። «ህብረ ቃል ማለት አንድ ቃል ሆኖ ሰሙንም ወርቁንም የሚሸከም ነው፤ ለምሳሌ» የሚለውን ጮክ ብላ አንብባ ገጹን ስትገልጥ ምሳሌው የለም። ቅጠሉ ከሥሩ ተገንጥሏል። አምና ይሁን ካቻምና፣ ቡሬ ገበያ ላይ የአንድ ሰው ሽምብራ ተጠቅልሎበት ሄዷል። ስምንተኛ ክፍል ካሉት መጻሕፍት ደህና የሚባለው ደግሞ ይኸው የእሷ ነበር።

ተማሪዎቹ ጠበቁ። እሷ ወደሚቀጥለው ምንባብ ለመዝለል ገጽ መፈለግ ጀመረች። በሌለችበት «ሬዲዮ» እንደሚሏት ታውቃለች፤ የተጻፈላትን ታነባለች፣ መልሰው ቢያናግሯት አትሰማም። አልተቀየመችም። ሬዲዮን ማንም ሰንደቅ ዓላማ ሥር አቁሞ ይቅርታ አያስጠይቀውም።

እሷ ግን ቆማለች። ወደዚህ ገጠር ከመዛወሯ በፊት ከተማ ስታስተምር፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አቶ ምናለ ይባሉ ነበር። አንድ ቀን የምኞት ዓረፍተ ነገር እያስተማረች ሰሌዳው ላይ «ይህ ዝናብ ምናለ ዛሬ እንኳ ቢቀር» ብላ ጻፈች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምጿን ውጦባት ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ክፍሉ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ የገባት አቶ ምናለ በመስኮቱ ብቅ ሲሉ ነው። ሰውየው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት አንድ ክረምት ከርመዋል ይባላል። አንድ ክረምት ወርቅ መፈለግን ያስለምዳል፤ ሰም የሚባል ነገር መኖሩን ለማመን ግን አይበቃም።

«ሰሙ ዝናቡ ነው» አሉ። «ወርቁ እኔ ነኝ።»

ብትምል ብትገዘት አላመኗትም። በማግስቱ በሰልፍ ሰዓት ይቅርታ እንድትጠይቅ ታዘዘች። ይቅርታው ደግሞ ስማቸውን ሳይጠሩ አይሆንም፤ «ምናለ» ባለች ቁጥር ሰልፉ ይስቃል፣ በሳቀ ቁጥር ጥፋቷ ይከብዳል። ከዚያ በኋላ ከክፍል አውጥተው የተሰባበረ ዴስክ የሚከማችበት ንብረት ክፍል አስቀመጧት። መምህራኑም በዚያ ሲያልፉ ሰላምታቸውን ለዴስኮቹ መስጠት ጀመሩ። የሥራ አፈጻጸሟ «ዝቅተኛ» ተባለ። ከዴስኮቹ የትኛው እንዳመለጣት የነገራት የለም። ዝውውር ስትጠይቅ ብቻ፣ በዚያ ቢሮ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ተፈረመላት።

ከዚያ ወዲህ የራሷን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጽፋ አታውቅም። ገበያ ላይ እንኳ «ምናለ ብትቀንሽልኝ» ማለት ትታ የተጠራውን ትከፍላለች።

ዛሬ ዓርብ ነው። ጠዋት ታላቅ ወንድሟ ክንዱ ደውሎላት ነበር። ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሾፌር ነው፤ አለቃውን ደጅ ጠንቶ መዝገብ ቤት ቦታ አግኝቶላታል። ሰኞ ጠዋት ካልተገኘች ለሌላ ይሰጣል፤ እስከ ማታ ቁርጧን ትንገረው። «መዝገብ ምን ይልሻል፣ እህቴ፤ አይስቅብሽም» አላት። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ኔትወርክ ተቋረጠ። ያልተስማማችው በዚህ ብቻ ነው።

«ቲቸር» አለች ሠርክአዲስ፣ የንብ አናቢው የአቶ ስመኘው ልጅ። «ምሳሌው ከጠፋ እርስዎ አንድ ይስጡን።»

ህይወት ጠመኔ አነሳች። መስኮቱን አየች፤ ከአንድ አህያ በቀር የቆመ የለም። ቃሉ ሁሉ የሰው ስም ሆነባት። «ወሬው ገነነ» ልትል አሰበች፤ ገነነ የሒሳብ መምህሩ ነው። «ሀብቴ አለቀ» ልትል አሰበች፤ የዚህኛው ርእሰ መምህር አቶ ሀብቴ ናቸው፣ በዚያ ላይ ሰሞኑን አሟቸዋል።

ጠመኔውን ለልጅቱ ዘረጋችላት። «ነይ አንቺ ሥሪ» አለቻት። በማስተማር ዘዴ ይህ «አሳታፊ» ይባላል። እሷ ግን ሽሽት መሆኑን ታውቃለች።

ሠርክአዲስ ወጥታ፣ በተስተካከለ ጽሑፍ፣ «ህይወት አሰልቺ ናት» ብላ ጻፈች።

ከኋላ አንዱ ሳቁን እንደ ትኩስ ድንች ዋጠው። ህይወት ያ ሰልፍ፣ ያ ሳቅ መጣባት። «ውጪ» የሚለው ቃል ተሠርቶ ምላሷ ላይ ተቀመጠ። አቶ ምናለን ለመሆን ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አስደነገጣት።

«ወርቁ እኔ ነኝ?» አለች።

«ኧረ ቲቸር» አለች ሠርክአዲስ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከጣቷ እያራገፈች። «እርስዎን ማለቴ ቢሆን 'ናቸው' እል አልነበር? አባቴ መቼ ያለ አንቱታ አሳደገኝ።»

ህይወት ሰሌዳውን አየች። ናት። ናቸው። ዝናቡ ከሆነ «ቢቀር»፤ አቶ ምናለ ከሆኑ «ቢቀሩ»። በዴስኮቹ መካከል ተቀምጣ ስትፈልገው የከረመችው መልስ «ር»ን «ሩ» ማድረግ ብቻ ነበር። አንቱ መባል እንደ ግብር በሚጠየቅበት አገር ያን ቀን ማንም አላሰበውም፤ የቋንቋ መምህርቷም ጭምር። ብታስበውና ብትናገረውም ኖሮ አቶ ምናለ «ጭራሽ አንቱታዬንም ነሳችኝ» ብለው ሌላ ሰልፍ ይጠሩ ነበር። መሳቅ ፈለገች። የመጣባት ግን እንባ ነው፤ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ ጠረገችው።

ስትዞር መጽሐፉን ዘጋችው።

«አትሸውጂኝ» አለች። «'ናቸው' ብትዪ ሰሙ ይፈርስብሻል፤ ኑሮን አንቱ የሚል የለም። ስለዚህ አንቱታዬን አውቀሽ ነው የጣልሽው።»

ክፍሉ ሳቀ። ህይወት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። አለቀ። በመስኮቱ የመጣ ሰው የለም።

«ደግሞ 'አሰልቺ' የሰነፍ ቃል ነው። ከሰደብሽ አይቀር ልፊበት።»

«አሰልቺ ናት» የሚለውን በመዳፏ አጠፋችና በምትኩ ጻፈች። «ህይወት ታስተምራለች።»

ሠርክአዲስ ቅር አላት። «ይኼማ የግድግዳ ጥቅስ ነው፣ ቲቸር።»

«ሰሙ ነዋ» አለች ህይወት። ወርቁን አልነገረቻቸውም። የመዝገብ ቤቱን ነገር ስለማያውቁ ቢፈልጉም አያገኙትም።

ደወል ሲደወል ያንኑ ዓረፍተ ነገር በስልኳ ጽፋ ለክንዱ ላከችለት። ወንድሟ ነው፣ ይገባዋል ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ በቃሏ ለመናገር ፈርታ ነው። መልሱ ብዙም አልቆየም፦ «እውነት ብለሻል እህቴ። ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ መታወቂያሽን አትርሺ።»

ክንዱ መኪና ይነዳል እንጂ ቅኔ አይፈታም።

ለመደወል የሚበቃ ኔትወርክ ወደሚገኝበት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጣች። ወንድሟ ለእሷ ብሎ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቷል፤ ይህን ታውቃለች። ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ሌላ ሰልፍ ፊት ላለመቆሟም ዋስ የላትም። አቶ ሀብቴም ቢሆኑ እስካሁን ደግ የሆኑት ስላመማቸው ይሁን ጠባያቸው ሆኖ አልለየላትም። ደወለች።

«ጋሼ፣ ሰኞ አልመጣም።»

ወዲያ በኩል የመኪና ሞተር ይሰማል፤ አጠፋው።

«ሰው አስቸግሬ ያገኘሁትን?» አለ ክንዱ።

«አውቃለሁ።»

«ዳግመኛ ቢያዋርዱሽ በኔ አታልቅሺ።»

ህይወት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«እስቲ ድገሚው» አለ፣ ምናልባት ሐሳቧን ትቀይር እንደሆን ብሎ። «ምን አልሽ?»

«ሰኞ ክፍል አለኝ» አለች።