የሥራነሽ ቁራኛ

ዘበኛው የሥራነሽን ነጠላ ጫፍ ከደምለው ጋቢ ጋር ሲቋጥር ዓይኗን ጨፈነች። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ዳኛው ፊት እስኪደርሱ አይለያዩም፤ የአገሩ ሕግ ነው። ለመሬት ክርክር ደግ ነበር። ደፈረኝ ላለች ሴት ግን ከዚህ የከፋ መንገድ የለም፤ ለዋሸች ሴት ደግሞ ይብሳል።

ሥራነሽ ዋሽታለች። ደምለው እንደ ማንኛውም አርበኛ ከጎጆዋ ስንቁን በሶ ተቀብሎ ወጣ እንጂ ጣቱን አላሳረፈባትም። የአርበኞቹ ሻለቃ አካለ ወልድ ነው ጠርቶ ያስፈራራት። "ወንድምሽ እንዳላማው ለጣሊያን መንገድ መርቷል ተብሎ ሰፈሬ ውስጥ በእጄ ነው። ደምለው ደፈረኝ ካልሽ እለቀዋለሁ፤ እንቢ ካልሽ አስረሽነዋለሁ" አላት። ያላት ወንድም እሱ ብቻ ነው። ደፈረኝ አለች።

ዘበኛው መንገዱን ሁሉ ጀግንነቱን እያወራ ነዳቸው። ሜዳው መሐል ሲደርሱ የአውሮፕላን ድምፅ መጣ፤ ጀግናው ጠመንጃውን ታቅፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ተወሸቀ። ሁለቱ ተያይዘው ቦይ ውስጥ ወደቁ። ሥራነሽ ፊቷን አፈር ውስጥ ቀብራ፣ "እመብርሃን፣ በሐሰቴ እንዳልሞት" እያለች ጸለየች። አውሮፕላኑ ወደ ደብረ ማርቆስ አለፈ።

"ፈትተህ ሂድ" አለችው በሹክሹክታ። "ዘበኛው አያይህም። በዲማ በኩል አምልጥ።"

"ቁራኛውን ፈትቶ የሸሸማ በራሱ ፈረደ። እናቴ የደፋሪ እናት ትባል?"

"ይገድሉሃል እኮ!"

"ይግደሉኝ። አንቺን ግን ምን አደረግሁሽ፣ እኅቴ?"

እንባዋ ገነፈለ። "እንዳላማውን ይዞብኝ ነው። ሻለቃው ነው በይ ያለኝ።"

ደምለው ከአፈሩ ቀና አለ። "እንግዲያ ገባኝ። ሻለቃውን ከባንዳ ጋር ሲመካከር አይቼዋለሁ፤ እሱም አይቶኛል። ለአለቃችን ለፊታውራሪ ሳልናገር ቀደመኝ። የደፋሪን ምስክርነት ማን ይሰማል?"

ሥራነሽ ወንድሟን ለጅብ አደራ መስጠቷ አሁን ታያት። ብትዋሽ ደምለው ይሞታል፤ ባንዳው ሻለቃም ሁሉንም ለጣሊያን ይሸጣል፣ እንዳላማውንም ጭምር። እውነቱን ብትናገር ደግሞ እንዳላማው ዛሬውኑ ያልቅለታል። ዘበኛው አቧራውን እያራገፈ ሲመጣ ፈራች፤ መንገዱ እንዳያልቅ ተመኘች።

አለቀ። ዳኛው ፊታውራሪ ፍቅረ ሥላሴ ወይራ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሻለቃው በበቅሎ ቀድሞ ደርሶ ካጠገባቸው ቆሟል።

"በይ ልጄ፣ ተናገሪ" አሉ ፊታውራሪው። "ይህ ሰው ደፍሮሻል?"

ሻለቃው ሽጉጡን እየዳበሰ አፈጠጠባት። ሥራነሽ ወደ ፊታውራሪው ዞረች።

"አልነካኝም፣ ጌታዬ። ሻለቃው በይ ብለውኝ ነው። ወንድሜን አስረውብኛል።"

የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። ሻለቃው ሳቅ አለና፣ "ፈርታ ነው የምትቀባጥረው። እዚያው ሰፈሬ ምስክር አለኝ፤ ሄጄ ላምጣ" ብሎ ወደ በቅሎው ዞረ።

ሥራነሽ ተንኮሉ ገባት። ሰፈሩ ውስጥ ታስሮ ያለው እንዳላማው ነው። ይህ ሰው ከደረሰ ወንድሟ አለቀለት።

"በሕግ አምላክ!"

ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ሻለቃው አንድ እግሩን እርካቡ ላይ እንዳደረገ ቆመ፤ በዚያ አገር ይህን ሰምቶ የሚራመድ የለም። ሥራነሽ ነጠላዋን ከደምለው ጋቢ ፈታችና ሄዳ የሻለቃውን ካባ ጫፍ ያዘች።

"ከሳሽዎ እኔ ነኝ" አለችው። "ወንድሜ በሕይወት እዚህ እስኪመጣ፣ እርስዎም ከእኔ ጋር ነዎት።"

ከዚያ የሰውየውን ፊት ቀና ብላ ሳታይ፣ ነጠላዋን ከካባው ጋር አጥብቃ ቋጠረችው።