ያልተነበበው ኑዛዜ

ጌጡ ከሦስቱ ምስክሮች በኋላ እንደሚጠራ ያውቅ ነበር። ቢያውቅም የችሎቱ ተላላኪ በር ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ብድግ ይል ነበር። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት የረገጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ለሰው ዋስ ሊሆን። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ነው እንግዲህ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ መጥቶ በአንዲት ቃል ወይ ደብሩን ወይ ነፍሱን እንዲበድል የተፈረደበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀየት መንደር ወዲያ ይኖሩ የነበሩት እማማ የትምወርቅ ባለፈው ጥር አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። መሐል ሜዳ ላይ ያላቸው ባለ አራት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ለደብሩ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ይሁን ብለው ተናዘዋል ተባለ። ሦስት ዓመት ሙሉ አገላብጣ ያስታመመቻቸው የእህታቸው ልጅ እስከዳር ግን ኑዛዜው ይፍረስልኝ ብላ ከሰሰች። ጠበቃዋ የያዘው አንድ ነገር ነው፦ እንዲህ ያለ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ካልተነበበ ፈራሽ ነው። ወረቀቱ መጨረሻው ላይ «ተነብቦልን ፈረምን» ይላል። ከሥሩ አራት ፊርማ አለ። አራተኛው የጌጡ ነው።

አልተነበበም። ያን ዕለት አራቱ ምስክሮች የታማሚዋን አልጋ ከበው ተቀምጠው ነበር። የንስሐ አባታቸው አባ አትናቴዎስ «በስመ አብ» ብለው መጻፍ እንደ ጀመሩ፣ እማማ የትምወርቅ እጃቸውን አነሱና «አባቴ፣ የቤቱ ነገር ከንስሐዬ ጋር ነው» አሉ። ሌላ ቃል አላስፈለገም። ሰው ንስሐ ሊገባ ሲል አጠገቡ የሚጎለት ማን አለ? አራቱም የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ወጡ። አጥር ሥር ቆመው ብርዱ ሲገርፋቸው፣ ጠላ የቀዳችላቸው ራሷ እስከዳር ናት። ተጠርተው ሲመለሱ ወረቀቱ ሞልቶ፣ የአሮጊቷ አውራ ጣት ቀለም ነክቶት አገኙት። አባ ያቺን የመጨረሻዋን መስመር ከሌላ ሰው ኑዛዜ ላይ ገልብጠዋታል። «ፈርሙ» አሉ፤ ፈረሙ። ምን ተጻፈ ብሎ መጠየቅ የሰው ኃጢአት መጠየቅ ነው፤ ማን ደፍሮ! ጠበቃው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። ጌጡ ግን ዛሬም እንደዚያው ቢሆን ተነሥቶ ይወጣ ነበር።

ጠዋት አባ ግቢው ጥግ ላይ ለብቻው ጠሩት።

«ጌጡ፣ ዳኛዋ ተነበበ ወይ ስትልህ አዎ በል። ሌላ አትጨምር።»

«አባቴ፣ እኛ ውጭ ነበርን እኮ።»

«ውጭ መሆናችሁን አጣሁት? እኔ እሳቸው ያሉትን ነው የጻፍኩት፤ አንዲት ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። አሥራ ሰባት ልጅ በሰው ደጅ እያደረ ነው የሚማረው። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ሦስቱ፣ ይታየውም፣ ፈንታም፣ ኃይለመስቀልም እሺ ብለውኛል።»

«እምልበታለሁ እኮ፣ አባቴ።»

«ለእግዚአብሔር ቤት ነው።»

ጌጡ ውስጡ በገነ። አባ አትናቴዎስ የሱም የንስሐ አባት ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረውን የነገረው ለእሳቸው ነው። ዛሬ በሐሰት ቢምል ነገ ለማን ይናዘዘው? «አባቴ፣ ያዘዙኝን ውሸት ዋሽቻለሁ» ይበላቸው? እሳቸውስ ስንት ስግደት ሊሰጡት ነው?

ወደ በሩ ሲያመራ እስከዳር መንገዱ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ ከስቷል።

«ጋሼ ጌጡ፣ አልለምንዎትም» አለችው። «ያዩትን ብቻ ይናገሩ።»

ብትለምነው ይሻለው ነበር። አንጀቱን በላችው።

ስሙ ተጠራ፤ ገብቶ ማለ። ሦስቱ ምስክሮች ተነብቧል ብለው ቃላቸውን ሰጥተው የኋላው አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ፈንታ የወንድ ልጁን ክርስትና ያነሣለት አበልጁ ነው። አባ መቁጠሪያቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«አቶ ጌጡ» አሉ ዳኛዋ፣ «ኑዛዜው ተናዛዧና አራታችሁም ባላችሁበት ተነብቧል?»

 አዎ ቢል ማንም አያውቅበትም፣ ልጆቹም ከዝናብ ይገባሉ። አይ ቢል አበልጁን ወኅኒ መስደዱ ነው። ዳኛዋ ጥያቄውን ደገሙት።

«አልተነበበም» አለ። «አራታችንም ውጭ ነበርን። ፊርማው የኔ ነው፤ ሳልሰማ ነው የፈረምኩት። በዚያ በደለኛ ነኝ።»

 ዳኛዋ ጽፈው ሲጨርሱ ፈንታን መልሰው አስነሡት። ፈንታ አንዴ አባን፣ አንዴ ጌጡን አየና አቀረቀረ። «ውጭ ነበርን» አለ፣ ድምፁ እምብዛም ሳይሰማ። ከሰዓት በኋላ ኑዛዜው ፈረሰ፤ የሦስቱ የሐሰት ምስክርነት ጉዳይም ለዐቃቤ ሕግ ይመራ ተባለ።

እስከዳር እልል አላለችም። ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ይታየውና ኃይለመስቀል ጌጡን እንደማያውቁት ሰው አልፈውት ሄዱ። ፈንታም ተከተላቸው። ይህ አመመው፣ በጣም አመመው። አባ ብቻቸውን የግቢው በር ላይ ቀርተዋል። ሄዶ ፊታቸው ቆመ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። እማማ የትምወርቅ ቤቱን ለልጆቹ ብለው ነበር? በእውነት?»

አባ ቀና ብለው አዩት። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ንስሐቸውን አላወራልህም» አሉት። «ብለዋል ብልህ ግን ታምነኛለህ?»

ጌጡ አፉን ከፈተ። ትናንት ቢጠይቁት ኖሮ ጥያቄው ራሱ ያስቀው ነበር። አሁን ግን ቃሉ አልወጣ አለው። አባ መልሱን ሲጠብቁ ቆዩ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉለት። ጎንበስ ብሎ ተሳለመ፤ ቀና ሲል ግን ዓይናቸውን ማየት አልቻለም።