ከምዝገባ በፊት የምትነፋው ፊሽካ

የፓርኪንግ ዋጋ ሦስት እጥፍ ከሆነ ወዲህ ያ መንገድ መላ ቅጡ ጠፋ። ዋጋውን የጨመሩት ሰዎች መጨናነቁ ይቀንሳል ብለው ነበር። የሰውን ብልጠት መቼ አወቁት! ቲኬት ቆራጯ በየግማሽ ሰዓቱ እየዞረች ታርጋ ትመዘግባለች፤ የተመዘገበ ይከፍላል። እሷ ደግሞ ሆደ ቡቡ ናት። ልትመዘግብ ስትል ለባለመኪኖቹ ፊሽካ ትነፋላቸዋለች፤ ከየሱቁ ሮጠው ወጥተው መኪናቸውን ያስነሳሉ፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞረው ይመለሳሉ። "ኑሪልን እህታችን!" ሲሏት ደስ ይላት ነበር። ምስጋና የማይወድ ማን አለ?

ያን ቀን ረፋዱ ላይ የእህቷ ባል ደወለ።

"እህትሽን አስሙ ተነሳባት። ሆስፒታል እየወሰድኳት ነው፣ ግን ታክሲው ንቅንቅ አልል አለ!"

"የት ደረሳችሁ?"

"አንቺ ያለሽበት መንገድ ጫፍ፣ ፋርማሲው ጋ። ሆስፒታሉ እየታየኝ እኮ ነው!"

እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ጠጉሯን እየሠራች፣ ደብተር እየገዛች ያሳደገቻት ይህችው ታላቋ ናት። ቀና ብላ አየች። መንገዱን የዘጉት ቦታ ፍለጋ የሚዞሩ የገዛ ደንበኞቿ ናቸው።

"ዞር በሉ! በሽተኛ አለ!" እያለች መስኮት ለመስኮት ደበደበች።

"ወዴት ልዙር እህቴ፣ በሰማይ?" አላት አንዱ ሾፌር።

ድምጿን የመኪኖቹ ጥሩምባ ዋጠው። የምታደርገው ቢጠፋት በአንገቷ ያንጠለጠለችውን ፊሽካ አንስታ ባለ በሌለ ኃይሏ ነፋች።

ምን እንዳደረገች ወዲያው ገባት። ከፀጉር ቤቱም፣ ከባንኩም፣ ከልብስ ሰፊውም ሰው ግር ብሎ ወጣ። ግራና ቀኝ የቆሙት መኪኖች ሁሉ ተነስተው ወደ መንገዱ ገቡ።

"ተመለሱ! አልመዘግብም! በእናታችሁ ባላችሁበት ቁሙ!"

ማን ሰምቷት። አንዱማ "ኑሪልን!" ብሎ እጁን አውለበለበላት።

በመኪኖቹ መሃል እየተሹለከለከች ወደ ፋርማሲው ሮጠች። ስልኳ እንደገና ጮኸ።

"መንቀሳቀስ ጀምረን ነበር እኮ!" የእህቷ ባል ያለቅሳል። "አንዱ እርጉም ፊሽካ ነፋና ሁሉም ወጥቶ ዘጋን። አዝያት እንዳልሮጥ በሩ እንኳን አልከፈት አለኝ!"

ስልኩን ዘግታ ሩጫዋን ቀጠለች። ታክሲው ፊት ስትደርስ እህቷ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። እንዲያም ሆኖ፣ የደረሰችላት መስሏት ፈገግ አለች።

ቲኬት ቆራጯ ፊሽካዋን ከአንገቷ በጥሳ በጭብጧ ውስጥ ደበቀችው።