ከቀብር የመቅረት ዋጋ

1.

«እማ፣ መቶ ብሩ ቅጣት አይደለም፤ ዋጋ ነው» አለች ትርሲት። ሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት። «ከቀብሩ የሚበልጥ ጉዳይ ያለው ከፍሎ ይቀራል። ሕግን በኢኮኖሚክስ ዓይን ማየት ይባላል።»

«ማነው ያለው?»

«ሊቃውንቱ።»

«እድር አላቸው?»

2.

የወይዘሮ አስካለ ስሌት፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ ከጎልማሶች ትምህርት ደብተሯ ጀርባ፦

ዘጠኝ ሰዓት ፈተና። ብቀር ክፍል እደግማለሁ።
ዘጠኝ ሰዓት ቀብር። ብቀር መቶ ብር።

3.

ሟቹ ጋሽ ደነቀ ነበሩ፤ የጎረቤቷ የእልፍነሽ ባል። አስካለ ትርሲትን ስትወልድ ገንፎ እያገነፋች ያረሰቻት እልፍነሽ ናት።

አንባቢ ሆይ፣ ለመፍረድ አትቸኩል። ፈተናውን ከአርባ ሠላሳ ስድስት አመጣች።

4.

ደረሰኝ። የእድሩ ማኅተም። «ተከፍሏል።»

አስካለ በዕድሜዋ ራሷ ያነበበችው የመጀመሪያ ደረሰኝ ነው። ደስ ብሏት ሁለቴ አነበበችው።

5.

እልፍነሽ፣ በር ላይ ሲገናኙ ያለችው ሁሉ፦



6.

«ከፍለሻል እኮ እማ! አለቀ።»

«የከፈልኩት ለእድሩ ነው። ለእልፍነሽ መች ከፈልኩ?»

«ሊቃውንቱ እንደሚሉት ግን…»

«እነዚህ ሊቃውንት ሲሞቱ ማን ይሸከማቸዋል?»

7.

በደብተሯ የተሞከሩ ምክንያቶች፦

ታምሜ ነበር። (ውሸት።)
ፈተና ነበረኝ። (ግማሽ እውነት።)
ሳሰላው ርካሽ ሆነሽ አገኘሁሽ።

ሦስተኛውን ሰረዘችው። ቢሰረዝም ይነበባል።

8.

የእድሩን ደንብ በጣቷ እየተከተለች በሦስት ቀን ጨረሰችው። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ከቀብር የቀረ መቶ ብር ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው፦

ምንም።

9.

ከጠቅላላ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፦

ወ/ሮ አስካለ፦ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ይጨመርልኝ። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ለሐዘንተኛው ፊት ለፊት ይናገር።

አቶ ሸዋረጋ (ገንዘብ ያዥ)፦ ቅጣቱስ ስንት ይሁን?

ወ/ሮ አስካለ፦ ቅጣቱ እሱው ነው።

አቶ ሸዋረጋ፦ ኧረ በእመቤቴ! ሁለት መቶ ልክፈልና ተይኝ!

(ሳቅ።)

ሊቀመንበሩ፦ በሉ፣ ድምፅ እንስጥ።

ወ/ሮ እልፍነሽ፦ ከድምፁ በፊት እሷ ትጀምር።

(ሳቁ ቆመ።)

10.

አስካለ ተነሣች። ትርሲት ከኋላ ወንበር «እማ፣ ግዴታ የለብሽም» ብላ አንሾካሾከች። በሕጉ ልክ ነበረች።

ጸሐፊው ብዕሩን አዘጋጀ።

ወ/ሮ አስካለ፦ እልፍዬ፣ እኔ የቀረሁት ሳሰላው…