የዲፕሎማቱ ደጅ ጥናት

ቡናው የቀረበላቸው ገና ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉን እንደረገጡ ነበር። አቶ ረታ ግን አልተቀመጡም። በአገራቸው ሽማግሌ ለእርቅ ሲገባ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። እሳቸውም ከረባታቸው አንገታቸውን እያነቃቸው፣ እጃቸውን አጣምረው በእንግዳ መቀበያው መሐል ቆመው ቀሩ። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት የቤቱ ወንዶች ተያዩ።

«ጋሽ ረታ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለ ኡስማን በሹክሹክታ። ኡስማን ሪያድ ውስጥ የሸበተ የወሎ ሰው ነው፤ የኤምባሲው አስተርጓሚ። «እዚህ ቤት ቆሞ የሚቀር እንግዳ እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ፊንጃሉን ይቀበሉ፤ ግን እንዳይጠጡ። ልመና ያለው ሰው ልመናው ሳይሰማ አይጠጣም። ከጠጡት ኸላስ፣ አበቃ፤ ለቡና ነው የመጣነው።»

«መኪና ውስጥ ለምን አልነገርከኝም?»

«ንግግርዎን ሲያጠኑ ነበራ!»

ተቀመጡ። ፊንጃሉን ተቀብለው ሳይጠጡ ያዙት።

ነገ ጠዋት የቤቱ ባለቤት አቡ ናይፍ ፍርድ ቤት ቀርበው የመጨረሻ ቃላቸውን ይሰጣሉ። «ይቅር ብያለሁ» ካሉ የሞት ፍርደኛው ኢትዮጵያዊ ሳምሶን ይተርፋል፤ ካላሉ ይሞታል። ሳምሶን የሪያድ የፋብሪካ ሰፈር በሆነው ሰናኢያ ውስጥ በአንድ ብረታ ብረት ቤት ይሠራ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱን ስለያዙበት «ኢቃማዬን መልስልኝ» ብሎ ከአሠሪው ልጅ ከናይፍ ጋር ተጣላና በእጁ በያዘው ብረት መታው። ናይፍ አልተነሳም። አባትየው ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ በበኩር ልጃቸው ስም ነው የሚጠሩት፦ አቡ ናይፍ፣ የናይፍ አባት። አቶ ረታ እኚህን ሰው በጠሩ ቁጥር የሟቹን ስም ሊያነሱ ነው።

አቶ ረታ ከወረዳ መሬት አስተዳደር ተነስተው፣ ቢሮ መርተው፣ ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው ነው ወደ ሪያዱ ኤምባሲ የተሾሙት። በዚያ ሁሉ ዘመን ደጅ ሲጠናባቸው እንጂ ሲጠኑ አያውቁም። ባለጉዳይ ጋቢውን እያስተካከለ በራቸው ላይ ሲቆም፣ ቀና ሳይሉ «ለሚመለከተው ክፍል አመልክት» ይሉ ነበር። ዲፕሎማትነቱም መጀመሪያ የዚያው ሥራ ታናሽ ወንድም መስሏቸው ነበር። ደብዳቤ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይመጣል። የዛሬው ጉዳይ ግን የሚመለከተው ክፍል የለውም። ያሉት ይህ ምንጣፍና ከፊት ለፊታቸው ከዘራ ተደግፈው የተቀመጡት ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«አቡ ናይፍ» አሉ አቶ ረታ። ያጠኑት ንግግር ከሁለቱ አገሮች የቆየ ወዳጅነት ይጀምር ነበር፤ ኡስማን እየተከተለ ተረጎመ። ሽማግሌው ምንጣፉን እያዩ ሰሙ፣ ሰሙና ከዘራቸውን አንዴ መሬት ላይ ነካ አደረጉ።

«ልጁ እናት አለችው?»

«አለችው።»

«ምን አለች?»

አቶ ረታ ወደ ኡስማን አዩ። ለእናቲቱ አልተነገራትም። የሳምሶን እህት ሳሮን «እማዬ ልቧ ደካማ ነው፤ እባካችሁ» ብላ ስለለመነች፣ ይደበቅ ብለው የወሰኑት እሳቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ለእሳቸውም ቀሏቸው ነበር።

«ሌት ተቀን ታለቅሳለች ልበላቸው?» አለ ኡስማን ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ያምር ነበር። የሽማግሌውንም ልብ ያራራ ይሆናል። አቶ ረታ የሽማግሌውን ፊት አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። ምንም አታውቅም በላቸው።»

ከሽማግሌው አጠገብ የተቀመጠው ወጣት ብድግ አለ። «የእኛ እናት ግን ታውቃለች!» ኡስማን ይህንንም ተረጎመው።

አቡ ናይፍ በእጃቸው ልጃቸውን አስቀመጡት። «ደውሉላት» አሉ።

ኡስማን ቁጥሩን ከእህቲቱ ተቀብሎ ስልኩ ላይ መዝግቦት ነበር። ከመደወሉ በፊት ግን አቶ ረታን አየ። ብትወድቅስ? ሰው ባጠገቧ ባይኖርስ? እምቢ ቢሉ ደግሞ ሽማግሌው ተነስተው ይወጡ ይሆናል፤ ነገም ሩቅ አይደለም። አቶ ረታ ፊንጃሉን አስቀመጡና አንገታቸውን በእሺታ ደፉ።

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ጠራ። ደግሞ ጠራ።

«ሳሚዬ? የሳውዲ ቁጥር ሳይ አንተ መሆንህን አወቅሁ! ምነው ልጄ፣ እንዲህም ይጠፋል? ቆይማ፣ እነዚህን ዶሮዎች ላባርር፤ አላሰሙኝም። እሽ! እሽ!... መጣሁ። ሳሚዬ፣ በልተሃል?»

ከመጋረጃው በስተጀርባ፣ ከሴቶቹ ክፍል በኩል፣ አንድ ኮቴ ቀረብ አለና ቆመ።

«ምን አለች?» አሉ አቡ ናይፍ በዝግታ።

ኡስማን ወደ አቶ ረታ ዞረ።

«እንዳለችው ንገራቸው፤ ምንም አትጨምር» አሉት። ከዚያ በጉልበታቸው ወደ ስልኩ ቀረቡና ጎንበስ አሉ።

«እናቴ» አሉ፤ «ሳምሶን አይደለሁም። ረታ እባላለሁ። ቁጭ ብለሻል?»