የማያመው እብጠት

አባቴ ገዳሙ አንገቱ ላይ እብጠት ሲወጣበት አገሩ ሁሉ «እንቅርት ነው» አለ። ደብረ ኤልያስ ዙሪያ አንገቱ ያበጠ ሰው ብርቅ አይደለም፤ እንቅርት ለሴት ደም ግባት ነው የሚሉ ሽማግሌዎች እንኳ አሉ። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ነገር ቶሎ ያናድደኛል። «እንቅርት በአንድ ጎን ብቻ እንዲህ አይጠጥርም፤ ድምፁም እኮ ሻክሯል» ብዬ ስንጨረጨር «አንቺን ደግሞ መጽሐፍ አሳበደሽ» ተባልኩ።

«ካላመመኝ ምን ሆንክ ትይኛለሽ?» ይለኛል አባቴ፣ እብጠቱን በአውራ ጣቱ እየተጫነ። «አይቀላ፣ አይግል፣ አይወጋ። ጨዋ በሽታ ነው።»

እየጎተትኩ ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት። ከጉሮሮው ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ሲታይ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ማንቁርቱ ላይ ተነሥቶ ወደ አንገቱ የወረደ። ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ የተቀበሉን ዶክተር ወንጌላዊት ሰላምታ እንኳ የሚከብዳቸው ሐኪም ናቸው። የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ አዲስ መድኃኒት እያጠኑ ነበር። መድኃኒቱ ለማን እንደሚሠራ ለመገመት፣ ከሕመምተኛው በተወሰደው ሥጋ ውስጥ የመከላከያ ጂኖቹ ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ ያያሉ። ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል አሉን። አባቴ ተስፋውን ሁሉ እዚያ መድኃኒት ላይ ጥሎ ወደ ስንዴው ተመለሰ።

ውጤቱን ለመስማት እሱ አጨዳ ላይ ስለነበረ እኔና አያ ዓለምነው ሄድን። አያ ዓለምነው የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በቤተሰባችን የእሳቸው ቃል አይታጠፍም።

«በአንዳንዱ ሰው ዕጢ ውስጥ ጂኖቹ ይጮኻሉ» አሉ ዶክተሯ። «መከላከያውን ይጠራሉ። የተጠሩት ሴሎችም ገብተው፣ ግን እጃቸው ታስሮ እናገኛቸዋለን። መድኃኒታችን ያንን እስር ነው የሚፈታው። የአባትሽ ዕጢ ግን ዝም ያለ ነው። የጠራ የለም፤ የመጣም የለም። መድኃኒቱ ቢሰጠው የሚፈታው አያገኝም።»

ያላመመውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ሌባ ገብቶ ውሻው ያልጮኸበት ቤት ሆኖ ነበር የአባቴ አንገት። እኛ ደግሞ ጸጥታውን ጤና ብለን ከርመናል።

«የቀረው ቀዶ ሕክምና ነው» ብለው ቀጠሉ። «ማንቁርቱ ተቆርጦ ይወጣል። ድምፅ አይኖረውም፤ የሚተነፍሰውም አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። ሊድን ግን ይችላል። ቶሎ አምጡት። ትልቁን የደም ሥር ከያዘው በኋላ ልነካው አልችልም።»

ስንመለስ አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ሲቆም አያ ዓለምነው ወደ እኔ ዞሩ። «አይነገረውም» አሉ። «ለሙግት የተፈጠረ ሰው ነው። ድምፅህን እንቁረጠው ቢሉት ሐኪም ሳይነካው በድንጋጤ ይሞታል።»

«እሱ ይምረጥ እንጂ አያ! አንገቱ የእሱ አይደለም እንዴ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሳቸው ግን በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት እኮ ከእሳቸው አፍ ነው የሰማሁት።

በማግስቱ አባቴ ማሳ ላይ ሳለ አያ ዓለምነው የነፍስ አባታችንን ቄስ ገብረ ሚካኤልን አስጠሩና ቤተሰቡን ሁሉ አስገዘቱ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው «ይህን ነገር ለገዳሙ የተናገረ የገዳሙ ሞት በራሱ ላይ ይሁን» አሉ። እናቴ እያለቀሰች መስቀሉን ተሳለመች። እኔም ተሳለምኩ። ክፍል ውስጥ ስለ ሴል አስተምራለሁ፤ ግዝት ግን እፈራለሁ። ምን ላድርግ፣ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ።

ስንዴው ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። «መድኃኒቱ ከምን ደረሰ?» ይለኛል አባቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ። «በመንገድ ላይ ነው» ትላለች እናቴ ቀድማኝ። እብጠቱ የዶሮ ዕንቁላል አከለ። ድምፁ ሹክሹክታ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀረው። አሁንም አያመውም። ስላላመመው እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ባመሰገነ ቁጥር እኔን ጩኺ ጩኺ ይለኛል። ሰው እንዴት ስለ ገዛ ሞቱ የመጨረሻ ሰሚ ይሆናል?

መላው ሁሉ ሲጠፋኝ የኋላሸት ቤት ሄድኩ። የኋላሸት የማሳ ጎረቤታችን፣ የአባቴም የዕድሜ ልክ ባላጋራ ናቸው። በዳዩ አባቴ ነው፤ አባቴ ስለሆነ ብዬ አልሸፍንለትም። ባረሰ ቁጥር አንድ ትልም ወደ እሳቸው ማሳ ይገፋል። ሲከሰስ ደግሞ ተሟግቶ፣ ከሳሹን አስቆ አሳስቆበት ይወጣል።

ግዝቱ ለአባቴ እንዳልናገር እንጂ ለእሳቸው እንዳልናገር አይልም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ «ድንጋይ ተሸክመው አባቴን ይቅርታ ይጠይቁልኝ» አልኳቸው።

«እኔ?» አሉ ዓይናቸው ፈጦ። «እኔ ነኝ የበደልኩት?»

«አይደሉም። ለዚያ ነው የምለምንዎት።»

በእኛ አገር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከእግር ሥር የሚወድቀው በዳይ ነው። ተበዳይ ራሱ ተሸክሞ ከመጣ፣ ያኛው ሊሞት ነውና ቂም ይዞ እንዳይሄድ ብሎ ነው። ይህን አባቴም ያውቃል። የኋላሸት ነገሩ ሲገባቸው «ወይ ገዳሙ!» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አባቴ ደጅ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፤ አያ ዓለምነው አጠገቡ ናቸው። የኋላሸት ድንጋዩን እንደተሸከሙ አጎንብሰው ገቡና ተንበረከኩ።

«ማረኝ ገዳሙ። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረኝ።»

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። «ምን አድርገኸኝ ነው የምምርህ? ትልሙን የገፋሁ እኔ፣ በሸንጎ ያሳቅሁብህ እኔ...» ብሎ ሳይጨርስ አቆመ። የኋላሸትን አየ፤ ወንድሙን አየ። እናቴን ሲያያት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እጁ ቀስ ብሎ ወደ አንገቱ ሄደ።

«ዘመናይ» አለኝ፣ «መድኃኒቱ አይመጣም አይደል?»

አፌን አልከፈትኩም። እንባዬ ግን አልተገዘተም ነበር።

«ግዝቱን እኔው ልሸከመው» አሉ አያ ዓለምነው። ስለ ውጤቱም፣ ስለ ቀዶ ሕክምናውም፣ ዶክተሯ ቶሎ አምጡት ስለማለታቸውም አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት።

አባቴ ገመዱን ወረወረው። «ድምፄን ብቻ? ድምፄን ብቻ ወስደው የሚተዉኝ ከሆነ ይውሰዱት እንጂ! አንተን ማን ምረጥልኝ አለህ?» አላቸው አያ ዓለምነውን። ወደ የኋላሸት ዞረ። «አንተም ተነሥ። አልማርኩህም። ድኜ መጥቼ ዘንድሮም እገፋሃለሁ።»

የኋላሸት ድንጋዩን ጥለው «እከስሃለሁ! በእመቤቴ እከስሃለሁ!» አሉ እያለቀሱ። አባቴን እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሰኞ አዲስ አበባ ገባን። አባቴ መንገዱን ሁሉ በሹክሹክታ ሙግቱን ሲያሰናዳ ነበር፤ እሱ በጽሑፍ ያቀርባል፣ እኔ ቆሜ አነብለታለሁ። የአንገቱ ሲቲ ስካን ተነሥቶ ዶክተር ወንጌላዊት ዘንድ ገባን። ሥዕሉ ላይ ትልቁን የደም ሥር በጣታቸው እየተከተሉ ለረጅም ጊዜ አዩ። ተነሥተው እብጠቱን ለማነቃነቅ ሞከሩ። እንደ ተተከለ ጉቶ አልነቃነቅ አላቸው።

«ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም!» አለ አባቴ።

ጓንታቸውን አወለቁ። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡና እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አባቴ፣ ሻይ ላስመጣልዎት?» አሉ።

አባቴ ፊታቸውን አየ። እጁን በዝግታ ከእጃቸው አውጥቶ ተነሣና ጋቢውን አስተካከለ።

«ዘመናይ፣ አገራችን እንሂድ» አለኝ። «የኋላሸትን ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ ይቺ ድምፄ ሳትጠፋ ነው።»

ከበሩ እስክንወጣ ድረስ ዶክተሯ መልሰው ይጠሩናል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠሩንም።