በጡብ የተሰመረ ሰኞ ማክሰኞ

ሀሚድ ሰባት ዓመት የሞላትን ልጁን ናዲያን አዝሎ ደረጃ ሲወርድ ማየት በአያት ኮንዶሚኒየም የተለመደ ነገር ሆኗል። ሱቁ እዚያው ሕንፃ ሥር ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው፤ ናዲያ ግን ቀላል ልጅ አይደለችም።

ጥፋቱ የራሱ ነበር። በ2008 ክረምት አተት ከተማውን ሲያስጨንቅ የጤና ሠራተኞች በየቦዩ ዳር ኖራ በተኑ። ሀሚድም፣ «ነጭ ያየሽበት ቦታ በሽታ አለ፤ እንዳትረግጪ!» ብሎ አስጠነቀቃት። የጎረቤት ወላጆችም ለየልጆቻቸው ይህንኑ አሉ። ልጆቹ ከየኮሪደሩ ቁልቁል እያዩ ከረሙ። መስከረም ጠባ፤ በሽታውም ከሰፈሩ ጠፋ። የናዲያም የሌሎቹም ልጆች እግር ግን ግቢውን አልረገጠም። ትምህርት ቤት ደግሞ ሰኞ ይከፈታል።

«ክፍል ውስጥም አዝለሃት ልትቀመጥ ነው?» ትለዋለች ሚስቱ።

ቅዳሜ ጠዋት ኡርጂ ከሦስተኛ ፎቅ ወረደች። የሥነ ጥበብ ተማሪ ናት፤ ሳቋ እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማል።

«ጋሽ ሀሚድ፣ ዛሬ ልጆቹን በሙሉ አወርድልሃለሁ!» አለችና በቆርቆሮ የያዘችውን ኖራ እየበተነች ግቢው መሐል ትልቅ ሰኞ ማክሰኞ አሰመረች።

ደፍረው ደረጃው ሥር የደረሱት ጥቂት ልጆች ነጩን ሲያዩ «አተት! አተት!» እያሉ ሽቅብ በረሩ። እትዬ እታገኝ ከአንደኛ ፎቅ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«አንቺ ልጅ! ተገላገልነው ስንል ደግሞ ከየት አመጣሽብን?»

«እትዬ፣ ጨዋታ ነው!»

«በኖራ?»

ሀሚድ ሳቁ መጣ። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ትዝ ሲለው ግን ሳቁን ዋጠ፤ መጥረጊያ አንሥቶ ኖራውን ከኡርጂ ጋር ጠረገ።

«ታዲያ በምን ልሥራው?» ብላ ኡርጂ ወደ ፎቁ ጮኸች።

ከአራተኛ ፎቅ የናዲያ ድምፅ መጣ፤ «በጡብ!»

«የለኝማ! አምጡልኝ!»

አንድ ልጅ የጡብ ስባሪ ይዞ ወረደ። ሌላዋ ቅጠል አመጣች። ቤኪ የእናቱን ከሰል አፍሶ መጣ። ኡርጂ በጡቡ ካሰመረች በኋላ የፈለጉትን እንዲሥሉበት ለየልጁ አንድ አንድ ሳጥን ሰጠች።

«ይቺ ዶሮ ናት?» አለች ኡርጂ የአንዱን ልጅ ሥዕል አይታ።

«ባቡር ነው! ዓይን የለሽም?»

አንድ ሳጥን ባዶ ቀረ። «የናዲያ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አለች ኡርጂ።

ናዲያ መጨረሻው ደረጃ ላይ ደርሳ ቆመች። ሀሚድ ሮጦ ጀርባውን ሰጣት።

«ነይ፣ ላዝልሽ።»

«የታዘለ ሰው አይሥልም!» አለ ቤኪ።

«ማነው ያለው?» አለች ናዲያ።

«ሕግ ነው።»

«አሁን ያወጣኸው ሕግ!»

«አሁንም ቢሆን ሕግ ነው!»

ናዲያ ተናደደች። ጎንበስ ያለውን አባቷን አልፋ ግቢውን በቁጣ አቋረጠችና ከሰሉን ከቤኪ እጅ ነጠቀች። የት እንደቆመች ያስተዋለችው ሳጥኗን ግማሽ ካጠቆረች በኋላ ነው። እግሯን አየች፤ ቤኪን አየች፤ ሥዕሏን ቀጠለች።

ሀሚድ ገና እንዳጎነበሰ ነበር። ቀና ሲል ልጆቹ የዝላዩ ወረፋ ውስጥ አስገቡት። በአንድ እግሩ እንጣጥ እንጣጥ ብሎ ሦስተኛው ሳጥን ላይ መስመር ረገጠ።

«ተቃጠልክ!» አለች ናዲያ፣ ከሁሉም በልጦ በሚሰማ ድምፅ።

እትዬ እታገኝ ሱቁ በር ላይ ቆመዋል። «አንተ ሀሚድ፣ ስኳር ትሸጣለህ ወይስ ትዘላለህ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ፤ ተራዬ እንደገና ሊደርስ ነው።»